ባሕር የሌለበት ገጽ

ቄሳችን በጀልባ፣ በስድስት ሳምንት አንዴ ብቅ ይላል፤
በቀረው እሑድ ግን፣ መጽሐፉን መግለጥ ለኔ ይደርሳል።
አናጢ ነኝ እንጂ፣ መምህር አይደለሁም፤
ጀልባ ከመጠገን፣ በር ከማንጠልጠል ሌላ ሙያ የለኝም።
ግን ድምፄ ከፋሮ ነፋስ ተሟግቶ፣ አያውቅም ተረትቶ፤
አርባ ዓመት አነበብሁ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ሰምቶ፣
አንድ ውሻ አንቀላፍቶ።

ልጅ ሆኜ «አባታችን» ስል፣ አፌ ይል ነበር እንጂ
ልቤ የሚያየው ሌላ ነው፤ የአባቴን የዮግቫንን እጅ፣
በጨው የደረቀ ገመድ በመዳፉ ላይ ጠምጥሞ
ከጀልባ ቤቱ ደጃፍ የሚጠብቀኝ፣ ዝም ብሎ ቆሞ።
እግዜርም ለኔ እንዲያው ነበር፤ ከደመና በላይ ያለ፣
ጥፋቴን እየቈጠረ፣ ገመዱን የጠቀለለ።

ኋላ ልጄ በይንታ ታመመች። ስድስት ዓመቷ ነበር።
የካቲት፣ ማዕበል፣ ሐኪም የለ፤ ትንፋሿ ሲቈራረጥ እንደ ክር፤
ጋደም ካለች ያፍናታል። ሽማግሌው አባቴ ተነሣ፣
ክንዱ ላይ ቀጥ አድርጎ ያዛት፣ አንድም ቃል ሳያነሣ።
ያ ክንድ፣ ያ የገመድ ክንድ፣ እስኪነጋ አልዛለም፤
ሲነጋ ተነፈሰች። እርሱ ስለዚያ ሌሊት እስኪሞት አልተናገረም።

ከዚያ ወዲያ መዝሙሩን ገለጥሁ፣ አባት ለልጁ ይራራል የሚለውን፤
እዩት፣ ያው ገጽ ነው፤ የሰም ጠብታውን፣ የወየበ ኅዳጉን።
ቃሉ አልተለወጠም። እኔ ግን ያን ክንድ ይዤ ገባሁበት፤
ቀድሞ በገመድ ያሰርሁትን በር፣ ተከፍቶ አገኘሁት።

ይልቅ ሱንቫን ላንሣላችሁ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጠዋን ሴት፤
ባሏና ሁለት ልጆቿ፣ ባንድ ንጋት የሰጠሙባት።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ወደ ዳርቻው አልወረደችም፤
በባሕሩ በኩል ያለ መስኮቷን ቸነከረች፤ ዳግም አልከፈተችም።

ባለፈው እሑድ ደረስሁ፣ ከመጽሐፉ መጨረሻ፣
ሰማዩም ምድሩም ከሚታደስበት፣ ከእንባ ማበሻ።
«ባሕርም ከእንግዲህ የለም» ስል፣ ሱንቫ ብድግ አለች።
«ድገመው።» ደገምሁት። «ድገመው።» ሦስቴ አስደገመች።
የምሥራች ማለት ለሷ፣ ይህች አንዲት መስመር ነበረች።

ከኋላ ግን ሄዲን፣ የልጅ ልጇ፣ ቆቡን በእጁ እየጨመቀ፣
«ታዲያ እኔ እዚያ ምን ልሠራ ነው?» ብሎ ጠየቀ።
ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ መረቡ ገና አዲስ፤
መንፈስ ቅዱስ ሲባል የሚገባው፣ ሸራው ሲነፋ ነው በነፋስ።
«ባሕሩ ላይ ነው የጸለይሁት» አለ፤ «ሌላ ቦታ አላውቅም መጸለይ።»
ማንም አልሳቀም። ጨነቀኝ፤ እሷን ልይ ወይስ እሱን ልይ?

ቤቴ ማብራሪያ አለ፣ ከቄሱ የተዋስሁት፣ ወፍራም፤
ምሳሌ ነው ይላል ባሕሩን። የሱንቫ ሙታን ግን በምሳሌ አልሰጠሙም።
ስለዚህ ወደ ኋላ ገለጥሁ፣ ጣቴ ሳይታዘዘኝ፣ በድንገት፤
ወደዚያ ንጋት፣ ጌታ ከባሕር ዳር ፍም አንድዶ ዓሣ ወደ ጠበሰበት።
ሰባት ነበሩ ከጀልባዋ፤ አምስቱን ለይቼ ቈጠርሁ፤
«ሌሎችም ሁለት» ብዬ፣ ስም ስለሌለ አለፍሁ።
«ቆይ» አለች ሱንቫ። «የሁለቱ ስም አልተጻፈም?»
«አልተጻፈም።» ተቀመጠች። ሌላ አልጠየቀችም።

ሲወጡ ከበሩ ላይ፣ እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤
«እነዚያን ሁለቱን አውቃቸዋለሁ» ብላኝ አለፈች።

በሄዲን ክንድ ተደግፋ፣ ቁልቁል ስትወርድ አየኋት፤
እስከ ጀልባ ቤቱ ደርሳ ቆመች። ከዚያ አላለፈችም። ነፋስ ነበረባት።
እኔም ሻማውን አጠፋሁ። መጽሐፉ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፤
ባሕር የሌለበትን ገጽ በክሩ፣ ባሕር ያለበትን በጣቴ ይዤው
ጥቂት ቆየሁ።